ለችግኙ የተቀመጠ ውኃ

በጅቡቲ ከተማ፣ ከወደቡ ጫፍ እስከ ፔካ 12 የከባድ መኪና ማቆሚያ ድረስ፣ የእኔን ያህል የሰው ልብ ያየ ፍጡር የለም። የሚኒስትር ልብ አይቻለሁ። የጫት ነጋዴ ልብ አይቻለሁ፤ ከሚኒስትሩ ይፈጥናል። የፈረንሳይ ወታደር፣ የአፋር ዓሣ አጥማጅ፣ የሦስት ሚስቶች ባል ልብ አይቻለሁ፤ የመጨረሻው ልብ በምን ኃይል እንደሚመታ ሊቃውንት እስካሁን አልደረሱበትም። ስሜ ጀማል ነው። ከፈለጋችሁ ሸሚዛችሁን ሳታወልቁ የልባችሁን ስፋት በሚሊሜትር እነግራችኋለሁ።

ይህን ካልኩ ዘንዳ ቀሪውንም ልናገር። ኢኮ በምንለው፣ በድምፅ ሞገድ ልብን ማሳያ ላይ በሚያወጣው መሣሪያ፣ ብቻዬን የመረመርኩት የመጀመሪያው ሰው የታየኝ ልቡ ሳይሆን ጨጓራው ነበር። ሩብ ሰዓት ሙሉ በአድናቆት ተመለከትኩት። "ጤነኛ ነው፤ ብቻ ትንሽ ዝግ ይላል" ብዬም ሪፖርት አደረግሁ። አለቃዬ ዶክተር ሮብሌ መጡ፣ ማሳያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ማሳያውን አዩና "ይህ ሰው ምሳውን ሩዝ ነው የበላው" ብለው ወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ከድሬዳዋ መጥቼ መሀል ከተማ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ ስቀጠር ሥራዬ ጄኔሬተሩ እንዳይጠፋ፣ ኤሲው እንዳይቆም መጠበቅ ነበር። ፈረንሳይኛውን ከድሬዳዋው የከዚራ ሠፈር የባቡር ሠራተኞች፣ ሶማሊኛውን ከጎረቤት፣ አማርኛውን ከእናቴ ይዤ መጥቻለሁ። ደመወዜን አላነሣም፤ በየወሩ እያነሣሁት ክብደቱን አውቀዋለሁ። የክሊኒኳ ባለቤት በእኔ ዘመን ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል። በተለዋወጠ ቁጥር ማኅተሙ ይቀየራል፤ ኤሲው ግን ያው መንጠባጠቡን አይተውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ያገለገለ የኢኮ ማሽን ከፈረንሳይ መጣልን። ማሽኑ ሙቀት አይወድም፤ ጅቡቲ ደግሞ ከሙቀት በቀር የምታቀርብለት አልነበራትም። ሐምሌ ላይ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ ክፍሉ ትንሽ ሞቅ ካለ ማሳያው ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ እኔ ምርመራው እስኪያልቅ ከኤሲው ሥር እንድቆም ታዘዝኩ። አንድ ቀን ዶክተር ሮብሌ ዞር ብለው "ጀማል፣ መቆምህ ካልቀረ ይህን ያዝ" አሉና ደረት ላይ የሚደረገውን የመሣሪያውን እጀታ አስጨበጡኝ። ሌላው ሰው ወደ ሕክምና የሚገባው በዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። እኔ የገባሁት በኤሲ በኩል ነው። ወረቀት የሚሰጥበትን ሥልጠና የወሰድኩት ሥራውን ከለመድኩት በኋላ ነው።

ዶክተር ሮብሌ ረጅም፣ ቀጭን፣ የጅቡቲ ተወላጅ ሲሆኑ በችኮላ ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። የጄሉን ጠርሙስ ሁልጊዜ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ነው ወደ ክፍሉ የሚገቡት። ጄል ማለት እጀታው ቆዳ ላይ እንዲንሸራተት የሚቀባው ሙጫ መሳይ ነገር ነው። በኤሲ ክፍል ውስጥ ያደረ ጄል ደረት ላይ ሲያርፍ ሰው ይደነግጣል። "የደነገጠ ልብ ይዋሻል" ይሉ ነበር። እኔ መጀመሪያ ስቄባቸዋለሁ። ይኸው አሁን ጡረታ ወጥቼም የሻይ ማር ጠርሙስ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ራሴን አገኘዋለሁ።

በዶሴ ላይ የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነበር። "በቢክ የሚጽፍ ሐኪም ተሳስቶ የማያውቅ ነው፤ እኔ እንደዚያ ያለ ሰው አላጋጠመኝም" ይላሉ። ላጲሱ በክር ታስሮ ከጠረጴዛው ጎን ይንጠለጠላል። አንድ በሽተኛ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ያስቀምጡትና "አሁን አንተ ንገረኝ" ይሉታል። በሽታው ምን እንደሆነ፣ የትኛውን ክኒን ለምን እንደሚውጥ፣ በራሱ አነጋገር ካልነገራቸው አይለቁትም። ሰልፉ እስከ መንገዱ ቢደርስም አይለቁትም።

እጅ የሚጠይቀው ሥራ መለካቱ ነው። በሽተኛውን በግራ ጎኑ ታስተኛለህ፣ ግራ እጁን ከራሱ ሥር ያደርጋል፣ በጎድን አጥንቶቹ መሀል መስኮት ትፈልጋለህ። "አስወጣ፣ ያዝ" ትለዋለህ፤ ትንፋሹን አስወጥቶ ሲይዝ ሳንባው ገለል ይልና ልቡ ይወጣልሃል። ከዚያ የግራውን ክፍል የውስጥ ጠርዝ፣ አንዴ ሞልቶ ሲሰፋ፣ አንዴ ጨምቆ ሲጠብ፣ በመሥመር ትከተላለህ። ማሽኑ ልቡ ከያዘው ደም ከመቶ ስንት እጁን እንደገፋ ያሰላል። ስድሳ ከሆነ ሰውየው ደረጃ መውጣት ይችላል። ሠላሳ ከሆነ ምድር ቤት ይፈልግ። ዶክተሩ አንድ ቁጥር ለመጻፍ ሦስት ምት ያስለኩኛል።

አንድ ጊዜ ለአንድ የኦቦክ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መሥመሩን ትንሽ ሸርተት አድርጌ ሠላሳውን ሠላሳ አምስት አደረግሁላቸው። ሽማግሌው ደግ ነበሩ፤ ዓሣም አምጥተውልን ነበር። ዶክተሩ ሥዕሉን ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። የሚያውቁት አማርኛ ከሀበሻ አትክልት ሻጮች የለቀሙት ብቻ ነበር፤ "ስንት ነው"፣ "ቀንሺ" እና "ምርቃት"።

"ጀማል፣ ምርቃት?" አሉኝ በአማርኛ።

"ሽማግሌ ናቸው ብዬ ነው ዶክተር።"

"ልብ ላይ ምርቃት የለም" አሉ ወደ ፈረንሳይኛቸው ተመልሰው። "ሠላሳ አምስት ካልከኝ የሠላሳ አምስቱን መድኃኒት አዝዝላቸዋለሁ። እሳቸው ግን የሚኖሩት በሠላሳው ነው።"

ከዚያ በኋላ በቁጥር ላይ ምርቃት ጨምሬ አላውቅም። በቃል ላይ ግን ማንም አልከለከለኝም ነበር።

ዘነበች የመጣችው በ2013 ነው። አንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ከማዳም ቤት እየኖረች የምትሠራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሕፃን ልጇን ለእናቷ ትታ በተሻገረች በወሩ ደረጃው አልወጣ አላት። ማዳም መጀመሪያ ሰነፈች አለች። በኋላ ከንፈሯ ሲጠቁር ራሷ በመኪናዋ አመጣቻት። ደረቷን ለመግለጥ አፈረች፤ እኔም እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ማሳያው አዞርኩ።

"አይዞሽ፣ እኔ የማየው ልብሽን ብቻ ነው" አልኳት።

"ልቤን ካዩት ምን ቀረኝ ታዲያ?" አለችኝ።

አቦ! ከንፈሯ ጠቁሮ እንኳ መልስ አላት። የዚያን ጊዜ ወደድኳት። ልቧ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ እንደ ተነፋ ፊኛ ሰፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ይርገበገባል። ሦስት ምት ለካሁ። ሃያ ሁለት። ዶክተሩ ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የልብ ጡንቻ መድከም መሆኑን ነገሯት፤ እኔ ተረጎምኩ። ብዙ ዓይነት ክኒን ታዘዘላት፤ አንዱ በሰውነቷ የሚጠራቀመውን ውኃ በሽንት የሚያስወጣ ነው። "አሁን አንቺ ንገሪኝ" ተባለች። ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረችን። የውኃውን ክኒን ስትገልጽ "ይህ ጠዋት ጠዋት የሚያሯሩጠኝ ነው፤ ማዳም ቧንቧ ትለኛለች" አለች። በዓመቱ ቁጥሩ ሃያ ሰባት ደረሰ። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "ልጄን አዝዬ ዳገት እወጣለሁ?"

በዚያ ሰሞን ዶክተር ሮብሌ ፈረንሳይ ለእረፍት ሄደው ሲመለሱ አንድ ጽሑፍ ይዘው መጡ። በሻይ ሰዓት ላይ አስረዱኝ። ሰው ገና ሰው መሆን ሲጀምር ያሉት ሕዋሳት ማንኛውንም ነገር መሆን ይችላሉ፤ ቆዳም፣ አጥንትም፣ ነርቭም። እነዚህን በቤተ ሙከራ ወደ ልብ መንገድ ያስገቧቸውና መሀል ላይ ያስቆሟቸዋል። ጥሬ አይደሉም፤ ገና የልብ ጡንቻም አልሆኑም። ከዚያ በስስ ጨርቅ መሳይ ነገር ላይ አድርገው የተጎዳው ልብ ላይ ይለጥፏቸዋል።

"ገባኝ" አልኩ። "አዲስ አበባ የቆመ ከባድ መኪና ወደ ሞያሌም ወደ መተማም መሄድ ይችላል። ፔካ 12 የደረሰ ግን ከወደቡ በቀር የት ይሄዳል? ወደቡ ግን ገና አልገባም። እነዚህ ሕዋሳት ፔካ 12 ላይ ያሉ ናቸው።"

ዶክተሩ ሻያቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። "ይህን ለፕሮፌሰሮቹ መጻፍ አለብኝ" አሉ። ያን ቀን ከክሊኒኩ የወጣሁት ራሴ ሕዋሱን የፈጠርኩ እየመሰለኝ ነው።

ከሳምንት በኋላ ዘነበች ለቀጠሮዋ መጥታ፣ ገና ሳትተኛ "ጋሽ ጀማል፣ ማዳም ቴሌቪዥን ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ" አለችኝ። "ልብ ላይ የሚለጥፉት። ሱሽ ሱሽ ይሉታል። ምንድን ነው ሱሽ?"

ሱሽ በፈረንሳይኛ ጉቶ ነው። ዛፍ ሲቆረጥ መሬት ላይ የሚቀረው። ግንደ ሕዋስ የሚባሉትን ፈረንሳዮቹ የጉቶ ሕዋስ ነው የሚሏቸው። ይህን ነገርኳት።

"ጉቶ ደግሞ ያቆጠቁጣል" አለች። ዐይኗ በራ። "ለእኔ ይሆናል ወይ? ዶክተሩን ጠይቅልኝ።"

ጠየቅሁላት። ዶክተሩ የመለሱትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ብረሳው ደስ ባለኝ። "ገና በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች ነው የተሞከረ። እነሱም የልባቸው የደም ሥር ተዘግቶ ልባቸው ላይ ጠባሳ የቀረ፣ ደረታቸውም ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሊከፈት የነበረ ናቸው። የሚጠየቀው ነገር ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚል ነው፤ ያድናል የሚል ሰው የለም። የእሷ በሽታ ዓይነቱም ሌላ ነው። አሁን ያላት ክኒኖቿ ናቸው። አንዱንም እንዳታቋርጥ ንገራት።"

ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በጅቡቲ ያን ሰዓት የማያውቅ የለም፤ የጫት መኪናዎቹ ከድንበር የሚገቡበት ነው። ጥሩምባው ከሩቅ ይሰማል። ዶክተሩ ስልክ ሊያነሡ ወጡ። እኔ ፊቷን አየሁት። በዚያ ፊት ላይ "አይሆንም" የሚል ቃል የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። ስለዚህ ምርቃት ጨመርኩላት።

"ችግኙ ይመጣል፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ" አልኳት። "እስከዚያ አንቺ መሬቱን አዘጋጂ። ችግኝ በደረቀ መሬት አይያዝም።"

መሬቱን አዘጋጂ ስል ክኒንሽን በደንብ ዋጪ ማለቴ ነበር። ለእኔ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው። የጫቱ ጥሩምባ ተጠጋ። "አሁን አንቺ ንገሪኝ" ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሠፈር ያለችው የጫት ደንበኛዬ ጥሩውን ለቀደመ ነው የምትሸጠው፤ ሮጥኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ማዳም ዘነበችን ደግፋ አስገባቻት። እግሯ ከጉልበቷ በታች እንደ ትራስ አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ አልሞላም። ተኝታ መተንፈስ ስላቃታት ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር ያደረችው። ደረቷ ውስጥ ሳንባዋ የሚፈላ ውኃ ይመስል ይንተከተካል። ዶክተሩ ኦክስጅን አደረጉላት፣ በመርፌ መድኃኒት ሰጡ። ትንፋሿ ትንሽ ሲመለስ ቦርሳዋን ከፍተው አዩ። ሌሎቹ ክኒኖች በልካቸው ጎድለዋል። የውኃው ክኒን ግን እንዳለ በመሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ለምን?" አሉኝ ዶክተሩ። "ጠይቃት።"

ጠየቅሁ። ዘነበች ጭምብሉን ከአፏ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ "ውኃ አስቀምጬ ነው" አለች። "ለችግኙ። ክኒኑ ያደርቀኛል፤ አንተ ደግሞ በደረቀ መሬት አይያዝም አልከኝ።"

በዚያ ክፍል ውስጥ የእሷን ቋንቋም የዶክተሩንም የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኤሲው ተንጠባጠበ። ዶክተሩ እርሳሳቸውን ይዘው ይጠብቁኛል።

"ረሳች" አልኩ በፈረንሳይኛ። "ኤል ኣ ኡብሊዬ።"

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁና ዶሴውን ወደ እኔ ገፉት፤ እሳቸው መርፌውን ሊያዘጋጁ ነበር። "ጻፍ" አሉኝ። ጻፍኩ። መድኃኒቷን ትረሳለች። በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ።

ሦስት ቀን ከክሊኒኩ አልራቅሁም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ያን ሁሉ ቀልዴን የት እንዳደረስኩት አላውቅም። የጄሉን ጠርሙስ ብብቴ ሥር ይዤ እዞራለሁ፤ የምመረምረው ሰው የለም፤ ዝም ብዬ እዞራለሁ። ሲለካ ሃያ አንድ ነበር። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ተኝታ ተነፈሰች። ስትነቃ አየችኝና "ጋሽ ጀማል፣ ከሳህ" አለችኝ።

ተረፈች። ያ አንድ ቃል ግን አብሯት ተረፈ። ዶክተሩ በየቀጠሮዋ ክኒኑን በፊታቸው ያስውጧታል፤ "ዘነበች፣ መርሳት የለም!" እያሉ በጣታቸው ያስፈራሯታል፣ በፍቅር። ማዳም ደግሞ ክኒኖቹን በቁልፍ ያዘችባት፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ሕፃን አንድ አንድ እየቆጠረች መዳፏ ላይ ታስቀምጣለች። ዘነበች ፈገግ ትላለች፤ ትውጣለች። እኔ ማሳያውን አያለሁ።

አንድ ጊዜ ዶክተሩን ስለ እነዚያ ሕዋሳት ደግሜ ጠየቅኋቸው። የሚለጠፉት ሕዋሳት አብዛኞቹ ልቡ ላይ ሳይቆዩ እንደሚጠፉ ነገሩኝ። "ታዲያ ጥቅማቸው?" አልኩ። "እስካሁን እርግጠኛ የለም" አሉ። "ግን ከመጥፋታቸው በፊት አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላል። አጠገባቸው ላሉት ለደከሙት የሚያቀብሉት መልእክት አላቸው። ያ መልእክት ነው ምናልባት የሚጠቅመው።" ለወትሮው በዚህ ላይ አሥር ቀልድ እሠራ ነበር። ያን ቀን አንድም አልመጣልኝም።

በ2017 የቀኝ ትከሻዬ ሥራ አቆመ። እጀታውን እንደያዙ ክንድን አንሥቶ መቆየት የዚህ ሥራ በሽታ ነው፤ ሌላው ቢቀር የተከበረ በሽታ ነው። ክሊኒኳም መሥመሩን ራሱ የሚያሰምር አዲስ ማሽን አመጣች። የማይቀልድ፣ ጫት የማይቅም ማሽን። የመጨረሻው ሳምንቴ ላይ ዘነበች መጣች። ትከሻዬን ስታይ የጄሉን ጠርሙስ ከእጄ ተቀብላ ራሷ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

በግራ ጎኗ ተኛች። አስወጪ፣ ያዢ። ሦስት ምት። አርባ አንድ። ደግሜ ለካሁ፤ አርባ አንድ። ምርቃት የለበትም።

"አሁን አንቺ ንገሪኝ" አልኳት።

ክኒኖቿን አንድ በአንድ ተናገረች። ከዚያ፣ ዐይኗን ከማሳያው ሳትነቅል፣ "ኡብሊዬ ማለትም መርሳት ነው" አለች።

እጀታውን ከደረቷ ላይ አነሣሁ።

"ያን ቀንም አውቀው ነበር ጋሽ ጀማል። ማዳም በቀን አሥር ጊዜ ነው የምትለኝ። ጨው ኡብሊዬ፣ መስኮት ኡብሊዬ። ፈረንሳይኛ የጀመርኩት በእሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተን ቢያባርሩህ ማን ይተረጉምልኛል?" አለች። "ደግሞ ፊትህን አየሁት። ከእኔ በላይ የታመምከው አንተ ነበርክ።"

"አልተቆጣሽኝም?"

"ተቆጥቻለሁ እንጂ! ማዳም ቁልፏን ባንቀጫቀጨች ቁጥር አንተን ነበር የምረግመው። ሁለት ዓመት ረገምኩህ። ከዚያ ሰለቸኝ።" ተነሥታ ልብሷን አስተካከለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ስታደርግ ቆም አለች። "በሚቀጥለው ወር አገሬ እገባለሁ። ልጄን አዝዬ ዳገቱን እሞክረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ለዶክተሩ እንደማልረሳ ንገርልኝ። እኔ ረስቼ አላውቅም።"

"እሺ" አልኳት።

በመሰናበቻዬ ቀን ከዶክተር ሮብሌ ጋር ሻይ ጠጣን። የዘነበች ዶሴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጽሑፉ በእርሳስ ነው፣ ላጲሱ በክሩ ከጎኔ ተንጠልጥሏል። ዶክተሩ "ጀማል፣ የምትለኝ ነገር ያለህ ትመስላለህ" አሉኝ። እኔም ስለዚያ ሩዝ ስለበላው ጨጓራ ደግሜ አወራኋቸው፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ አቀፉኝ፣ ወጣሁ።

ዶክተሩ እስካሁን ይደውሉልኛል። "ያቺ የምትረሳው ልጅ እንዴት ናት?" ይሉኛል። ደህና ናት፣ ዳገቱን ወጣችው እላቸዋለሁ፤ እውነት ነው፣ ሁለት ቦታ ዐርፋ ወጥታዋለች። ሌላውን አልነገርኳቸውም። በሦስት ቋንቋ አፌን ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህንን ግን በፈረንሳይኛም በሶማሊኛም መጻፍ እየቻልኩ በአማርኛ የጻፍኩት ዶክተር ሮብሌ አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ ነው።